ምላጭ፣ ማሊያና ወንድነት

በየካቲት 2000 ዴቪድ ቤካም አንድ ቀን ከማንቸስተር ዩናይትድ ልምምድ ቀረ። ገና ዓመት ያልሞላው የበኩር ልጁ ታሞበት ነበር። አሰልጣኙ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ግን ሰበቡን አልወደዱትም። ባለቤቱ ቪክቶሪያ በዚያው ሰሞን ለንደን ውስጥ በአንድ የፋሽን ዝግጅት ላይ ፎቶ ተነስታ ስለነበር፣ ሚስት ወጥታ ባል ልጅ ይዞ የሚቀርበት ምክንያት አልታያቸውም። ከሊድስ ጋር በተደረገው ጨዋታ ቤካም የተጠባባቂ ወንበር እንኳ ተነፍጎት ከተመልካች ጋር ተቀመጠ፤ የገንዘብ ቅጣትም ተከተለው። ዩናይትድ በአንዲ ኮል ጎል 1 ለ 0 አሸንፎ ስለተመለሰ ክርክሩ ለጊዜው በአሰልጣኙ አሸናፊነት ተዘጋ።

ዛሬ ተጫዋች ሚስቱ ወልዳ ከጨዋታ ቢቀር ክለቡ ራሱ የእንኳን ደስ ያላችሁ መልእክት ይለጥፋል፤ ለሕፃኑም ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ማሊያ ይዘጋጅለታል። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ? ታሪክ ጸሐፊዎች፣ የኅብረተሰብ አጥኚዎች፣ የአእምሮ ሐኪሞችና የማስታወቂያ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። ገሚሶቹ ወንዶች በመለሳለሳቸው ደስ ብሏቸው፣ ገሚሶቹ ደግሞ ወንድ ጠፋ እያሉ ነው የሚጽፉት። ለእኔ የሚታየኝ ግን ለውጡ እኩል አለመዳረሱ ነው። ለሻጭ የሚሆን ነገር በተገኘበት በኩል የወንድነት ደንብ ቶሎ ላልቷል፤ የሚሸጥ በሌለበት በኩል ግን የዛሬ መቶ ዓመት በነበረበት ቆሟል። ይህ ዳሰሳ ያንን ነገር በእንግሊዝና በአሜሪካ ታሪክ ላይ የሚፈትን ነው፤ ነገሩ የተጀመረውም እዚያው ስለሆነ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ።

ስፖርትና ወንድነት የተጋቡት በእንግሊዝ የባለጸጋ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። የራግቢ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበሩት ቶማስ አርኖልድ ራሳቸው ለኳስ ብዙም ደንታ አልነበራቸውም፤ ስማቸውን ከጨዋታ ጋር ያቆራኘው ተማሪያቸው ቶማስ ሂዩዝ በ1857 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። እምነቱ ቀላል ነበር፤ ጭቃ ላይ እየተጋፋ ያደገ ልጅ እውነተኛ፣ ደፋርና ታዛዥ ይሆናል፣ ነገ ደግሞ ቅኝ ግዛት ያስተዳድራል። ፒየር ደ ኩበርታን ኦሊምፒክን ሲያስነሳ ይህንኑ የራግቢ ትምህርት በልቡ ይዞ ነው። በ1844 ለንደን ላይ የተመሠረተው፣ እኛ ወወክማ የምንለው ማኅበርም መንፈስንና ጡንቻን አንድ ላይ ለመገንባት ተነሳ። ቅርጫት ኳስን ጄምስ ኔይስሚዝ በ1891፣ መረብ ኳስን ዊሊያም ሞርጋን በ1895 የፈለሰፉት በዚሁ ማኅበር ቤት ሆነው ነው። አራት ኪሎ ወወክማ ቅርጫት ኳስ የተማረ አዲስ አበቤ፣ ሳያውቀው የቪክቶሪያ ዘመን ሰባኪዎችን ሐሳብ ሲያንከባልል ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ሰውነት መሣሪያ ነበር እንጂ ዕቃ አልነበረም። ዕቃ ያደረገው ዩጂን ሳንዶው ነው። ፕራሻ ተወልዶ በ1893 ቺካጎ ላይ ስመ ጥር የሆነው ይህ ጉልበተኛ መጀመሪያ የታወቀው ከባድ ነገር በማንሳት ነበር። አሳዳሪው ፍሎሬንዝ ዚግፌልድ ግን ሕዝቡ ከሚነሳው ብረት ይልቅ የሚያነሳውን ክንድ እያየ መሆኑን ቶሎ ተረዳ። ከዚያ በኋላ ሳንዶው መቆም ብቻ በቃው። የራሱን መጽሔት አሳተመ፤ ክብደት ማንሻ ሸጠ፤ ካካዋ ሳይቀር በስሙ ለገበያ አወጣ። በ1901 ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ ባዘጋጀው የቁመና ውድድር ላይ ከዳኞቹ አንዱ የሸርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ነበሩ። እስከ ዛሬ ድረስ የሚስተር ኦሊምፒያ አሸናፊ የሚሸለመው የሳንዶውን ምስል ነው።

ሳንዶው አድናቆትን ሸጠ። ከእሱ በኋላ የመጣው ቻርልስ አትላስ ደግሞ ኀፍረትን መሸጥ እንደሚቻል አሳየ፤ እኔ ከሁለቱ የአትላስን ፈጠራ የበለጠ ቦታ እሰጠዋለሁ። የትውልድ ስሙ አንጄሎ ሲሲሊያኖ የሆነው ይህ የብሩክሊን ጣሊያናዊ በፖስታ የሚላክ የጡንቻ ማጎልበቻ ትምህርት ነበረው። ማስታወቂያው በልጆች የሥዕል መጽሔት ጀርባ ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲታተም ኖሯል። 44 ኪሎ የማይሞላ ከሲታ ወጣት ከጓደኛው ጋር ባሕር ዳርቻ ተቀምጧል። አንድ ፈርጣማ ጎረምሳ መጥቶ አሸዋ በፊቱ ላይ ይረጭበታል። ልጅቷ እያየች ነው። ከሲታው ቤቱ ገብቶ ወንበር ይራገጣል፣ ከዚያም ትምህርቱን በፖስታ ያስመጣል፤ በመጨረሻው ሥዕል ላይ ጡንቻ አውጥቶ ያንን ጎረምሳ በቡጢ ያነጥፈዋል። አርኖልድ ዘንድ ወንድነት በፈሪሃ እግዚአብሔር የሚመዘን ነበር፤ እዚህ ደግሞ በሌሎች ዓይን ፊት አለመዋረድ ሆነ። ዛሬ በየስልካችን የሚመጣው የስፖርት ቤትና የፕሮቲን ዱቄት ማስታወቂያ ከዚህች ስድስትና ሰባት ሥዕል ካላት ታሪክ ብዙ አልራቀም።

ምላጭ የተለየ ቦታ አለው፤ ጠዋት ጠዋት ወንድ ሁሉ እጅ የሚገባ ዕቃ ነውና። ኪንግ ካምፕ ጂሌት በ1901 ያቋቋመው ኩባንያ ንግዱ በአንድ ብልሃት ላይ የቆመ ነበር፤ መላጫው አንዴ ይገዛል፣ ምላጩ ግን ዕድሜ ልክ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ አስታጠቀ፤ ከጦርነት የተመለሰው ወጣት ሁሉ ቤቱ ሲገባ ደንበኛ ሆኖ ነው። ችግሩ ምላጭ በራሱ ስለ ወንድነት የሚናገረው ነገር አለመኖሩ ነው። ያንን ንግግር ኩባንያው ከስፖርት ተዋሰ። በ1939 የቤዝቦሉን የዓለም ሻምፒዮና የራዲዮ ስርጭት በ100,000 ዶላር ግድም ስፖንሰር አደረገ፤ ሽያጩ ከታሰበው በላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቦክሱንም፣ የፈረስ እሽቅድምድሙንም ተከታትሎ ያዘ። የዛሬው ስፖርት በስፖንሰር ገንዘብ መተንፈሱ ከዚህ የጀመረ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

እስከ 1960ዎቹ ድረስ ታዲያ ስፖርተኛው ዕቃውን እያሞገሰ እንጂ ራሱ እየታየ አልነበረም። ይህን የገለበጠው የኒውዮርክ ጄትስ አቀባይ ጆ ናማዝ ነው። ጢሙን በማስታወቂያ ፊት ለመላጨት 10,000 ዶላር ተከፈለው። በ1974 ደግሞ የሴቶች ስስ እግር ሹራብ አጥልቆ በቴሌቪዥን ቀረበ። ካሜራው ከእግር ጣቱ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሴት እግር ሲመስለን የቆየው የአሜሪካን እግር ኳስ ጀግና ሆኖ ይገኛል። ሕዝቡ ሳቀ፤ ሳቁ ፈቃድ ሆነ። በ1982 ግን ቀልዱ ተነሳ። ካልቪን ክላይን በኒውዮርክ ታይምስ አደባባይ ላይ የምርኩዝ ዘላዩን ቶም ሂንትናውስን ነጭ የውስጥ ሱሪ ብቻ አልብሶ ግዙፍ ሰሌዳ ላይ ሰቀለው። ፎቶውን ያነሳው ብሩስ ዌበር ነው። ሂንትናውስ እየዘለለ አይደለም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነጭ ግድግዳ ተደግፏል። ስፖርተኛ ምንም ሳይሠራ በመታየቱ ብቻ የሚከፈልበት ዘመን የተከፈተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከዚህ በኋላ የመጡት፣ በአርማኒ የውስጥ ሱሪ የታዩት ቤካምና ክርስቲያኖ ሮናልዶም ሳይቀሩ፣ የዚያች ሰሌዳ ልጆች ናቸው።

አጥኚዎቹ የነቁት በዚህ ሰዓት ነው። አውስትራሊያዊቷ ሬይዊን ኮኔል በ1995 ባሳተሙት መጽሐፋቸው በእያንዳንዱ ኅብረተሰብ ውስጥ አንድ የወንድነት ዓይነት የበላይ ሆኖ ሌሎቹን ዝቅ እንደሚያደርግ ጻፉ፤ መጽሐፉ እስከ ዛሬ የመስኩ ምሰሶ ነው። እኔን የበለጠ የያዘኝ ግን ከዚያ ቀደም በ1990 ያወጡት አንድ አጭር ጥናት ነው። ጥናቱ በባሕር ላይ ዋናና ሩጫ ውድድር የታወቀ አንድ አውስትራሊያዊ ወጣትን ሕይወት ይተርካል። አገሬው ወንድ ማለት እሱን ነው ይላል፤ ፀሐይ የጠበሰው፣ ጡንቻማ፣ በስፖንሰር ብር የሚኖር። ሆኖም እኩዮቹ ወንድነታቸውን የሚያሳዩበትን ነገር ሁሉ እሱ ማድረግ አይችልም። አይጠጣም፣ አይደባደብም፣ አያመሽም፤ ሰውነቱ ሥራው ስለሆነ ለሰውነቱ እንደ ሎሌ አድሯል። የበላይ ወንድነት ተምሳሌት የተባለው ሰው የራሱ ጌታ አይደለም። ከገበያው ደጅ ላይ የቆመ ስፖርተኛ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ የነገረኝ ጽሑፍ አላጋጠመኝም።

ማይክል መስነር በ1992 ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ 30 የቀድሞ ስፖርተኞችን አነጋግሮ የመደብን ነገር ይዞ መጣ። የሀብታም ቤት ልጅ ስፖርቱን ጥሎ ሐኪም ወይም ጠበቃ ይሆናል፤ ለደሃው ልጅ ግን ሜዳው ብቸኛ መውጫ ስለሚሆንበት ጉልበቱ እስኪሰበር ይቆያል። ስለ ወንድነት የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ እየተለሳለሰ የመጣው ወንድነት በቂ ገቢ ያለው ሰው ወንድነት መሆኑን ካልተናገርን የምናወራው ስለ ሱቅ መስኮት ብቻ ነው።

ወደ ቤካም ልመለስ፤ ጥያቄውን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ለማየት የሚመች እሱ ነውና። በ1998 የዓለም ዋንጫ ዋዜማ ፈረንሳይ ውስጥ ሽርጥ አገልድሞ ከእጮኛው ጋር ሲሄድ ፎቶ አንሺዎች አገኙት። ሽርጥ ለአፋርና ለሶማሌ ወንድ የዕለት ልብስ ነው፤ ለእንግሊዝ ጋዜጦች ግን የሳምንት ቀለብ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ከአርጀንቲና ጋር ቀይ ካርድ ሲያይ ደግሞ አገሩ አልማረውም፤ ደቡብ ለንደን ባለ አንድ መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ምስሉ በገመድ ተሰቀለ። ቁጣው የካርዱ ብቻ ይመስልዎታል? ካርድ ያየ ሁሉ አይሰቀልም። ሽርጡ፣ ፀጉሩና ዘፋኝ እጮኛው የቁጣውን እሳት ሲያራግቡ ቆይተዋል።

በየካቲት 2003 አርሴናል ዩናይትድን በኤፍኤ ካፕ 2 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ ፈርጉሰን መልበሻ ክፍል ውስጥ በንዴት የመቱት ጫማ የቤካምን ቅንድብ ፈነከተው። በድሮው ደንብ ተጫዋቹ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ይወጣ ነበር። ቤካም ግን ፀጉሩን በማስያዣ ወደ ኋላ ሰብስቦ ቁስሉን ለካሜራ ገልጦ ወጣ። የመልበሻ ክፍል ሥርዓትና የፎቶ ገበያ ፊት ለፊት ተጋጠሙ፤ በክለቡ ውስጥ ያሸነፉት ፈርጉሰን ናቸው፣ ተጫዋቹ በዚያው ክረምት ለሪያል ማድሪድ ተሸጧል። ከክለቡ ውጭ ግን ያሸነፈው ማስያዣው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጂሌት ቤካምን አስፈረመ።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ማርክ ሲምሰን ይህን ዓይነት ወንድ ገና በ1994 ተንብየውት ነበር፤ መልኩን የሚንከባከበውን ወንድ ሜትሮሴክሹዋል ያሉት እሳቸው ናቸው፣ በ2002ም ለምሳሌነት ቤካምን ጠቀሱ። ክርክራቸው የንግድ ሰው ክርክር ነው፤ ስለ መልኩ የማይጨነቅ ቁጥብ ወንድ አይገበይምና ገበያው መስተዋት የሚያይ ወንድ ያስፈልገው ነበር። ይህ በ2010 ቁልጭ ብሎ ታየ። ደቭ ለወንዶች ያዘጋጀውን ሳሙና በአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜው በሱፐር ቦውል አስተዋወቀ፤ ኦልድ ስፓይስም የቀድሞውን የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ኢሳያ ሙስጠፋን ፎጣ አሸርጦ አቀረበ። የሚገርመው ሙስጠፋ የሚያናግረው ወንዶችን ሳይሆን ሚስቶቻቸውን ነው። የባልን ሳሙና የምትገዛው ማን እንደሆነች ኩባንያው አጥንቷል።

እንባም ገበያ አግኝቷል። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚለው ትእዛዝ የእኛ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዞችም በዚያው ነው ያደጉት። በ1990 ቱሪን ላይ ከምዕራብ ጀርመን ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ ፖል ጋስኮይን ቢጫ ካርድ ሲያይ፣ ፍጻሜው እንደሚያመልጠው ገብቶት ዓይኑ እንባ አቀረረ። አገሩ አላፈረበትም፤ ወደደው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያው እንባ ለሳቅ ሆነ፤ የዎከርስ ድንች ጥብስ ማስታወቂያ ላይ ጋሪ ሊንከር ጥብሱን ሲቀማው ጋስኮይን እንባውን ያወርደዋል። የጋስኮይንን የኋላ ሕይወት፣ መጠጡንና ሕመሙን ለሚያውቅ ሰው ይህ ማስታወቂያ ዛሬ ሲታይ ደስ አይልም። በ2018 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾቹ ደማር ደሮዛንና ኬቨን ላቭ ስለ ጭንቀታቸው በይፋ መናገራቸው የሚመሰገን ነው፤ ስንቱን ወጣት እንዳበረታታ አያጠራጥርም። በዚያው ዓመት ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ በስልክ ምክር የሚሸጥ ድርጅት ቃል አቀባይ ሆነ። አንዱ ሌላውን ያረክሰዋል አልልም፤ ግን በሩ የተከፈተው ገዢ ባለበት በኩል መሆኑን ልብ ይሏል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ በሰውነት ላይ ይታያል። በሃርቫርድ የአእምሮ ሐኪም የሆኑት ሃሪሰን ፖፕና ጓዶቻቸው በ1999 የሕፃናት አሻንጉሊት ለኩ። ጂአይ ጆ የተባለው ወታደር አሻንጉሊት በ1964 ሲወጣ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ያለ ቁመና ነበረው። በ1990ዎቹ የወጣው ዓይነቱ ግን ወደ ሙሉ ሰው ቁመት ቢያድግ ክንዱ ዙሪያው 68 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ እስካሁን እንዲህ ያለ ክንድ ያለው የጡንቻ ተወዳዳሪ አልታየም። ይኸው ቡድን መስተዋት ፊት ቆሞ ጡንቻው የሚያንስበትን፣ አንሶ የሚታየውን ወጣት ሕመም ለሐኪሞች ያስተዋወቀ ነው። በመስኩ ካሉት ጽሑፎች ሁሉ እኔ የማምነው ይህን ነው፤ የሚለካ ነገር ለክቶ ስለመጣ። በነሐሴ 1998 ማርክ ማክጉዋየር የቤዝቦልን ክብረ ወሰን ለመስበር ሲገሰግስ፣ ጋዜጠኛ በልብስ ሳጥኑ ውስጥ አንድሮስተንዲዮን የተባለ ጡንቻ አጎልባች እንክብል አየ። ወሬው እንደተሰማ የእንክብሉ ሽያጭ ወደቀ እንዳትሉ፤ ተተኮሰ። የአትላስ ከሲታ ልጅ ቤቱ ገብቶ ወንበር የሚራገጥበት ሰዓት ማለት ይህ ነው።

የእኛ ሯጮች ከዚህ ታሪክ ዳር ላይ መቆማቸው ያስደስተኛል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ጫማ ሻጮች የሚሰጡት ነበራቸው፤ ልኩ ስላልሆነ ነው የተወው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ፑማ ተጫምቶ ደገመው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ከአዲዳስ ጋር ለዓመታት ሠርቷል። ከሯጭ የሚሸጠው ግን ጫማው ነው እንጂ ገላው አይደለም፤ ከሲታ ቁመና ለውስጥ ሱሪ ሰሌዳ አይመረጥም። ሌላም ነገር አለ። ከ1992 የባርሴሎና ድል ጀምሮ ሩጫ በእኛ ዘንድ የደራርቱም ነው፣ የጥሩነሽም ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የወንድ ብቻ ቤት አይደለም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ግን ሆን ተብሎ የወንድ ቤት የተደረገ ነው፤ በታኅሣሥ 1920 ሊቨርፑል ጉዲሰን ፓርክ ውስጥ 53,000 ሰው የሴቶችን ጨዋታ ካየ በኋላ፣ ፌዴሬሽኑ በ1921 ሴቶችን ከሜዳዎቹ አስወጥቶ እስከ 1971 ድረስ ዘጋባቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲኤስቲቪ ቤት ተፋፍገን የምናየው ጨዋታ ከዚህ ታሪክ ጋር ነው የመጣልን፤ የፀጉር ቁርጡንና የጂሙን አምሮት ይዞ።

ገበያው ያልገባበትን ክፍል አሁን እንይ። መጀመሪያ ሕመም። ጄፍ አስል የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ የዌስትብሮም አጥቂ ነበር፤ በጭንቅላቱ ኳስ በመግጨት የታወቀ። በ2002 በ59 ዓመቱ ሲሞት መርማሪው የሞቱን ምክንያት የሥራ በሽታ ብሎ መዘገበ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን የፒትስበርግ ስቲለርስ ተጫዋች የነበረው ማይክ ዌብስተር ሞተ፤ አንጎሉን የመረመሩት ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ያገኙትን በ2005 ሲያሳትሙ ሊጉ ሊያስተባብላቸው ተነሳ። በ2019 የግላስጎ ተመራማሪዎች የቀድሞ እግር ኳስ ተጫዋቾች በአንጎል መመናመን በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው 3.5 እጥፍ መሆኑን አሳዩ። በ2003 ለእንግሊዝ የራግቢ የዓለም ዋንጫ ያነሳው ስቲቭ ቶምሰን ዋንጫውን ማንሳቱን እንደማያስታውስ ተናግሯል። ነገሩን ያንቀሳቀሰው ማስታወቂያ አይደለም፤ ጠበቃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሊጉ በ2013 765 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው ተከሶ ነው። እያመመው የሚጫወት ተጫዋች ግን ዛሬም ይጨበጨብለታል፣ እኔም አጨበጭባለሁ።

ቀጥሎ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ተጫዋቾች ጉዳይ። ይህ በእኛ አንባቢ ዘንድ የሚያስኮርፍ ርእስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያለ እሱ ግን ዳሰሳው ጎዶሎ ነው። በ1981 አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የተከፈለበት የመጀመሪያው ጥቁር እንግሊዛዊ ተጫዋች ጀስቲን ፋሻኑ በ1990 ስለራሱ በጋዜጣ ተናገረ፤ የገዛ ወንድሙ ሳይቀር በይፋ አወገዘው፤ በ1998 ሕይወቱ አለፈ። ከእሱ በኋላ በእንግሊዝ ወንዶች ፕሮፌሽናል እግር ኳስ እየተጫወተ የተናገረው የብላክፑሉ ጄክ ዳንየልስ ነው፤ በ2022። በመካከሉ ሠላሳ ሁለት ዓመት አለ። ኤሪክ አንደርሰን የተባሉት አጥኚ በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ ወጣት ስፖርተኞች ከድሮው ጥላቻ ወጥተዋል፣ ይተቃቀፋሉ፣ ይሳሳማሉ ብለው አበሰሩ። ያነጋገሯቸው በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ነጭ ወጣቶች ናቸው። ግኝታቸውን ውሸት ነው አልልም፤ ከተማሪዎች ማደሪያ አውጥተው መልበሻ ክፍል ላይ መለጠፋቸው ግን አይዋጥልኝም።

እዚህ ላይ የራሴ ሐሳብ እንቅፋት ያገኛል። በ2021 የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን የራይደርስ ተጫዋች ካርል ናሲብ ስለራሱ ሲናገር ማሊያው በቀናት ውስጥ ከሁሉም በላይ ተሸጠ። የሚሸጥ ነገር ነበረ ማለት ነው፤ ታዲያ ለምን ሌሎች አልተከተሉትም? መልሱ ማሊያውን የሚገዛው ደጋፊ እንጂ የመልበሻ ክፍሉ ጓደኛ አለመሆኑ ይመስለኛል። ገበያው ከተመልካች ጋር ይነጋገራል፤ ከአሰልጣኝ፣ ከወኪልና ከጎኑ ከተቀመጠው ተጫዋች ጋር ግን የሚነጋገርበት ቋንቋ የለውም። እንግዲህ ሐሳቤን አጥብቤ ልያዘው፤ ገበያው የሚያላላው በዓይን የሚታየውን ወንድነት ነው።

ጂሌት ይህን ድንበር ለመሻገር ሞክሮ ያየውን አይቷል። በ1989 ወንድ ሊያገኘው ከሚችለው ሁሉ የላቀውን እናቀርባለን ሲል የጀመረውን መፈክር በጥር 2019 ገልብጦ፣ ወንዶች ሊሆኑት ስለሚችሉት የላቀ ነገር አደረገው። ፊልሙ የሚሳደቡ፣ ሴት የሚተነኩሱ፣ የሚደባደቡ ልጆችን ቆመው የሚያዩ ወንዶችን ይወቅሳል። ቁጣው ወዲያው ነደደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ እናት ኩባንያው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የጂሌትን ዋጋ 8 ቢሊዮን ዶላር ቀነስኩ ሲል ተቃዋሚዎቹ ማስታወቂያው የወለደው ኪሳራ ነው ብለው ጨፈሩ። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ሌላ ነው፤ የገንዘብ ምንዛሪ፣ ርካሽ ተፎካካሪና ወንዶች እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ አለመላጨታቸው። ጺም ፋሽን ሆኖ ነበር። በ2013 የቦስተኑ የቤዝቦል ቡድን የሬድ ሶክስ ተጫዋቾች ጺማቸውን አንዠርግገው ዋንጫ ሲያነሱ፣ እዚያው ቦስተን ያለው ጂሌት ሁለቱን ጠርቶ ለበጎ አድራጎት በካሜራ ፊት ላጫቸው። ስብከት ከመጀመሩ በፊት ኩባንያው የሚያውቀው ሥራ ይህ ነበር።

የቀረው ቢራና ውርርድ ነው። መስነርና ጄፍሪ ሞንቴስ ደ ኦካ በ2005 ባወጡት ጥናት የሱፐር ቦውል ቢራ ማስታወቂያዎች ላይ ያለው ወንድ ጀግና ሳይሆን ተሸናፊ መሆኑን አሳይተዋል፤ ቆንጆዋ ትስቅበታለች፣ እሱም ከጓደኞቹ ጋር ቢራውን ይዞ ይጽናናል። በእኛም አገር ቢራና ኳስ ዘመዳሞች ነበሩ፤ ዳሸን ቢራ የራሱ ክለብ ነበረው፣ ዋልያ ቢራ የብሔራዊ ቡድኑ ስፖንሰር ሆኗል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከመንገድ ሰሌዳ ሲያስወጣ፣ የወጣቱን ቅዳሜ የወረሰው ቤቲንግ ቤት ነው። ቤቲንግ ጡንቻም፣ መልክም፣ እንባም አይሸጥም፤ የሚሸጠው አዋቂነትን ነው። ኳስ የገባው ወንድ፣ ውጤቱን ቀድሞ ያየ ወንድ። ቆሞ ትኬት የሚሞላው ልጅ ሲሸነፍም ጉልበቱ ሳይሆን ስሌቱ ነው የከዳው፤ ስሌት ደግሞ ነገ ይታረማልና ተመልሶ ይመጣል። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ክለቦች የውርርድ ድርጅቶችን ስም ከማሊያቸው ደረት ላይ በ2025/26 ውድድር ዓመት ማብቂያ ለማንሳት በሚያዝያ 2023 ተስማምተዋል። ስምምነቱ የደረቱን ብቻ ይመለከታል፤ እጅጌውንና በሜዳው ዙሪያ የሚሽከረከረውን ሰሌዳ አይነካም።